ኅዳጉ ላይ «ሞኝ!» ብዬ ጽፌ ነበር

እንደምን አመሻችሁ።

የዚህ መድረክ አዘጋጆች ስለ አንድ መጽሐፍ እንዳወራ ሲጠይቁኝ «አጠር ይበል» አሉኝ። ንግግሩን ማለታቸው ነው። መጽሐፉ ግን ይኸውላችሁ። ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጠው ድምፁን ሰምታችኋል። 86 ምዕራፍ፣ መግቢያና መደምደሚያው ሳይቆጠር። አንድ ወዳጄ ቤት መጥቶ ሲያየው «በር እንዳይዘጋ ነው የምታስደግፈው?» ብሎኛል።

ስሙ «ሚድልማርች» ነው። ደራሲዋ ጆርጅ ኤልየት። በወንድ ስም ጻፈች እንጂ ሴት ናት፤ የወላጆቿ ያወጡላት ስም ሜሪ አን ኤቫንስ ነው።

ዛሬ የማጫውታችሁ ግን ስለ እርሳስና ላጲስ ነው። ይህን መጽሐፍ ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። አንዴ በ26 ዓመቴ፣ አንዴ በ44 ዓመቴ። ሁለቱንም ጊዜ እርሳስ ይዤ ነበር። በመጀመሪያው ንባብ ኅዳጉ ላይ ያልሰደብኩት ሰው የለም። «ሞኝ!» ይላል አንዱ ገጽ። «ደረቅ!» ይላል ሌላው። «እባብ!» የሚልም አለ፣ ሁለቴ ተሰምሮበት። ከ18 ዓመት በኋላ መጽሐፉን ስከፍተው ስድቦቼ እዚያው ቁጭ ብለው ጠበቁኝ። አፈርኩ። አንዳንዱን በላጲስ አጠፋሁት። አንዳንዱ ላይ እጄ እምቢ አለኝ።

መጀመሪያ ስለ ቦታውና ስለ ዘመኑ። ዓመተ ምሕረቶቹን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ያዙልኝ። ታሪኩ የሚሆነው በእንግሊዝ መሃል አገር፣ በአንዲት የፈጠራ ከተማ ነው፤ ከ1829 እስከ 1832። የባቡር ሐዲድ ገና ሊገባ ነው። ቀያሾቹ ሲመጡ የእርሻ ሠራተኞች መንሽ ይዘው ያባርሯቸዋል። ፓርላማው ስለ ምርጫ ሕግ ይነታረካል። ኮሌራም እየተጠጋ ነው። ደራሲዋ በዚያን ጊዜ የአሥር፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበረች። ያደገችው እዚያው አካባቢ ነው፤ ዎሪክሸር ይባላል። አባቷ የአንድ ባላባት ርስት አስተዳዳሪ ነበር። የልጅነት አገሯን ለመጻፍ ግን ትዝታ ብቻ አልበቃትም። ማስታወሻ ደብተር ይዛ የዚያን ዘመን የሕክምና መጽሔት ሳይቀር አገላብጣለች።

መጀመሪያ ሁለት የተለያየ ታሪክ ነበር። በ1869 ስለ አንድ ወጣት ሐኪም ጀመረች፤ አልሄድ አላት። በ1870 መጨረሻ ደግሞ «ሚስ ብሩክ» የሚል ሌላ ታሪክ ያዘች። በኋላ ሁለቱን ሰፋቻቸው። ስፌቱን ፈልጌው ነበር። ጎበዝ ልብስ ሰፊ ናት፣ ብዙም አይታይም።

መጽሐፉ የወጣው በአንድ ጊዜ አይደለም። ከዲሴምበር 1871 እስከ ዲሴምበር 1872 በስምንት ክፍል ነው የታተመው። የአንዱ ክፍል ዋጋ 5 ሺሊንግ ነበር። መጀመሪያ ላይ በየሁለት ወሩ ነበር የሚወጣው። እስቲ አስቡት። ዋናዋ ባለ ታሪክ ዶሮቲያ የማይሆን ሰው አገባች፣ ክፍሉ አለቀ፣ ሁለት ወር ጠብቅ። በዚያ ሁለት ወር ውስጥ ሰው ምን ያደርጋል? ያማል። ይከራከራል። «እኔ ብሆን ኖሮ» ይላል። እኛ ይህን እናውቀዋለን። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርከው ለሰብለወንጌልና ለበዛብህ ያልተጨነቀ አድማጭ ነበር? ስለ ጎረቤት ልጅ የሚወራ ነበር የሚመስለው። የዚያን ዘመን እንግሊዞችም እንዲሁ ነበሩ። ሃያሲዎቹ እንኳ መጽሐፉ እስኪያልቅ አልጠበቁም፤ ክፍሉ በወጣ ቁጥር ይጽፉ ነበር። ፍርዳቸውም ከክፍል ክፍል ይለዋወጥ ነበር። የኔ እርሳስም ያው ነው፣ እኔ ዘግይቼ መጣሁ እንጂ።

እንግዲህ ወደ «ሞኝ!»።

ምዕራፍ 5 ላይ ነው የጻፍኩት። ዶሮቲያ ብሩክ ገና ሃያ ዓመት አልሞላትም። ወላጆቿ ሞተዋል። ከታናሽ እህቷ ከሲሊያ ጋር አጎቷ ቤት ትኖራለች። ቆንጆ ናት። የጎረቤት ባላባት፣ ሰር ጄምስ የሚባል ደግ ሰው፣ ሊያገባት ዓይኑ ይንከራተታል። እሷ ግን ልቧ ሌላ ቦታ ነው። ለጭሰኞች የሚሆን የተሻለ ጎጆ ንድፍ ስትስል ትውላለች። ትልቅ ነገር መሥራት ትፈልጋለች፤ ምን እንደሆነ ግን አታውቅም። እና ማንን መረጠች? ካሶቦንን። ከ45 ዓመት በላይ የሆነው፣ ገርጣ ያለ፣ ባለ ርስት ቄስ። ዕድሜውን በሙሉ አንድ መጽሐፍ እያዘጋጀ ነው። ርዕሱ «የአፈ ታሪኮች ሁሉ ቁልፍ» ነው። ገና አልተጻፈም። ማስታወሻው ግን ክምር ነው።

ለጋብቻ የላከላት ደብዳቤ ምዕራፍ 5 ላይ አለ። አንብቡት። ማህተም ብቻ ነው የጎደለው፣ ለመሥሪያ ቤት የገባ ማመልከቻ ነው የሚመስለው። እሷ ግን አንብባው ተንበርክካ አለቀሰች፣ ከደስታ። ሲሊያ ምስኪን ሰውዬው ሾርባ ሲጠጣ ማንኪያውን እንዴት እንደሚፍቅ፣ ከመናገሩ በፊት ዓይኑን እንዴት እንደሚያርገበግብ ልትነግራት ትሞክራለች። ማን ሰምቷት። በ26 ዓመቴ ከሲሊያ ጋር ነበርኩ። እርሳሴን አነሳሁና «ሞኝ!» አልኩ።

በ44 ዓመቴ ግን አንድ ጥያቄ መጣብኝ። ታዲያ ምን ታድርግ? በ1829 ለሴት ልጅ ዩኒቨርሲቲ የለም። ሥራ የለም። መማር የምትፈልግ ባለ ሀብት ልጃገረድ የምትገባበት በር አንድ ነው፣ እሱም ምሁር ማግባት። ዶሮቲያ ባል ሳይሆን ትምህርት ቤት ነው ያገባችው። ላቲንና ግሪክ ያስተምረኛል ብላ ነው። ትምህርት ቤቱ ባዶ ሆኖ መገኘቱ የሷ ጥፋት አይደለም። ላጲስ።

ቀጥሎ ያለው ይብሳል። ካሶቦን። እሱ ላይ የጻፍኩት ስድብ አንድና ሁለት አይደለም። ለጫጉላ ሽርሽር ሮም ወስዷት እሱ ቤተ መጻሕፍት ይውላል። እሷ ብቻዋን ታለቅሳለች። ወጣቱ ዘመዱ ላዲስሎ ደግሞ እዚያው ሮም ውስጥ ጉዱን አፈረጠው። ካሶቦን ጀርመንኛ አያነብም። እሱ የሚቆፍረውን ጉድጓድ ጀርመኖች ቆፍረው ጨርሰው ሄደዋል። ይህን ስትጽፍ ደራሲዋ ሳትስቅ አልቀረችም። እሷ ራሷ ሁለት ከባድ የጀርመን ፍልስፍናና ሥነ መለኮት መጻሕፍትን፣ አንዱን በ1846፣ ሌላውን በ1854፣ ወደ እንግሊዝኛ ተርጉማለች።

ከዚያ ምዕራፍ 29 ይመጣል። እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ። ምዕራፉ ሲጀምር ትረካው እንደተለመደው ስለ ዶሮቲያ ሊያወራ ይነሳል። «ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አንድ ጠዋት፣ ዶሮቲያ» ይልና መሃል ላይ ይቆማል። «ግን ለምን ሁልጊዜ ዶሮቲያ?» ይላል። በትዳሩ ውስጥ የሚሆነውን የምናየው በሷ በኩል ብቻ ለምንድነው? እሱስ ሰው አይደለም? ደራሲዋ ራሷን በራሷ ነው ያቋረጠችው። አንባቢን ግን በጥፊ ነው የመታችው። 28 ምዕራፍ ሙሉ አብሬያት ስፈርድበት የኖርኩትን ሰው አሁን ወንበር ስባ አስቀመጠችልኝ። እሱም እንደኛው ውስጡ የተራበ ነው ትላለች። ነፍሱ ረግረግ ውስጥ የተፈለፈለች ወፍ ናት፤ ክንፏን ታስባለች፣ አትበርም።

በ26 ዓመቴ ይህን ገጽ አንብቤ ምንም አልጻፍኩበትም። ዘልዬው ነው ያለፍኩት። በ44 ዓመቴ መብራት አጥፍቼ ተኛሁ፣ እንቅልፍ አልመጣም።

ምክንያቱን ልንገራችሁ፣ አትሳቁ። ቤቴ ውስጥ፣ አልጋ ሥር፣ 11 የጫማ ካርቶን አለ። ካርቶኖቹ ውስጥ ካርድ ነው ያለው። ከልጅነቴ ጀምሮ የወፎችን የአማርኛ ስም እሰበስባለሁ። አንዱ አገር እንዲህ ይላታል፣ ሌላው እንዲያ። አንድ ቀን መዝገበ ቃላት ይሆናል ብዬ ነው። ባለቤቴ መጀመሪያ ሰሞን «እንዴት ደስ ይላል» ትል ነበር። ከዚያ «መቼ ነው የምትጨርሰው?» ሆነ። አሁን አትጠይቅም። አለመጠየቋ ነው የሚያስፈራኝ። ካሶቦንም እንደዚሁ ነው። ዶሮቲያ «ይህን ሁሉ ማስታወሻ ወደ መጽሐፍ ልንለውጠው አይገባም?» ስትለው ፊቱ የሚቀያየረው ከክፋት አይደለም። በልቡ የሚፈራውን ነገር ከሷ አፍ ስለሰማው ነው። ያን ቀን ካርቶኖቹን አወጣሁና ተመልሼ አስገባኋቸው። ሰኞ እጀምራለሁ አልኩ። ሰኞን ታውቁታላችሁ።

ሰዎች ደራሲዋን «ካሶቦንን ከማን ወሰድሽው?» ብለው ይጠይቋት ነበር። የዘመኑን ምሁራን እየጠሩ «ይሄኛው ነው፣ ያኛው ነው» የሚሉ ሞልተው ነበር። እሷ ግን አንዴ ስትጠየቅ በጣቷ ወደ ራሷ ደረት አመለከተች ይባላል። ይህን ካወቅሁ በኋላ ትንሽ ቀለለኝ። ሁለት ነን።

ግን ልብ በሉ፣ ማዘን ማለት ይቅር ማለት አይደለም። ካሶቦን ከሞተ በኋላ ሲታይ ኑዛዜው ላይ አንዲት አንቀጽ ጨምሯል። ሚስቱ ላዲስሎን ካገባች ከንብረቱ አንዲት ሳንቲም አታገኝም። እሷ በዚያን ጊዜ ጭራሽ አላሰበችውም። ከመቃብር ሆኖ ስሟን አጠፋ። እዚያ ገጽ ላይ የጻፍኩትን ስድብ አላጠፋሁትም። ደግሜ ጻፍኩት።

ከዚያ በፊት ግን ምዕራፍ 42 አለ። ሐኪሙ ለካሶቦን ልቡ እንደታመመና ሞት ድንገት ሊመጣ እንደሚችል ይነግረዋል። አትክልት ቦታው ውስጥ ሆና የምትጠብቀው ዶሮቲያ ክንዱን ልትይዝ ትጠጋለች። እሱ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ክንዱን እንዳደነደነ ይቀራል። ተናደደች። ክፍሏ ገብታ ነደደች። ይህ ቁጣ ደግሞ እውነተኛ ቁጣ ነው፤ ጻድቅ አታስመስላትም። ማታ ግን ቁጣዋ ሲበርድ ወጥታ ደረጃው ላይ ጨለማ ውስጥ ትጠብቀዋለች። ሻማ ይዞ ሲወጣ ያያታል። «ዶሮቲያ! እኔን ነበር የምትጠብቂው?» ይላታል። «አዎ፣ እንዳልረብሽህ ብዬ።» «ነይ፣ ውዴ፣ ነይ። ገና ወጣት ነሽ፣ በእንቅልፍ ማጣት ዕድሜሽን ማስረዘም አያሻሽም።» ለሱ ይህ ግጥም ነው! እጅ ለእጅ ተያይዘው በኮሪደሩ ይሄዳሉ። በቃ፣ ይሄው ነው። ትዳሩ አልዳነም። በማግስቱ ያው ነው። ግን እነዚያ ጥቂት እርምጃዎች ባይኖሩ ካሶቦን የካርቶን ሰው ሆኖ በቀረ ነበር።

አንዳንድ ሰው «ለምን ረዘመ?» ይላል። እኔም ብያለሁ። አሮጌው ፌዘርስቶን አልጋ ላይ ሆኖ ዘመዶቹ ውርስ ፍለጋ እንደ ጥንብ አንሳ ሲከቡት ያለው ክፍል ያዛጋል፤ አልደብቅም። ሁለተኛ ቋንቋችን በሆነ እንግሊዝኛ ሲነበብ ደግሞ ዓረፍተ ነገሮቿ ዳገት ናቸው። እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ። የሰዎቹን ስም በወረቀት ጽፌ መጽሐፉ ውስጥ ሸጎጥኩ። ዳገት የሆነብኝን አንቀጽ ጮክ ብዬ አነበብኩት፤ ባለቤቴ በሩን ዘጋችው። በቀን አንድ ምዕራፍ፣ ሦስት ወር። ጥድፊያ አይሆንም። ካሶቦንን በምዕራፍ 5 ጠልቼው በምዕራፍ 42 ላዝንለት የቻልኩት በመሃሉ 36 ምዕራፍ ስላለ ነው። በ200 ገጽ መጽሐፍ ይህን ለማድረግ ጊዜ አይበቃም። ሰው ላይ የያዙትን ሐሳብ መቀየር ቀስ ብሎ የሚሆን ነገር ነውና።

ስለ ፍሬድ ቪንሲ አጠር አድርጌ። እሱ የከንቲባው ልጅ ነው። ሥራ ፈት፣ ደግ፣ ፈረስ ወዳድ። ሁላችንም አንድ እንዲህ ዓይነት የአጎት ልጅ አለን። 160 ፓውንድ ዕዳ ገባና ዋስ እንዲሆነው የለመነው ማንን መሰላችሁ? ኬሌብ ጋርትን፣ የሚወዳትን የሜሪን አባት። ኬሌብ ድሃ ነው፣ ግን እምቢ ማለት አይችልም። ፈረመ። ቀኑ ሲደርስ ፍሬድ እጁ ላይ ያለው 50 ፓውንድ ብቻ ነው። የቀረውን 110 ዋሱ ይክፈል። የኬሌብ ሚስት ልጇን ሙያ ልታስተምርበት በማስተማር ያጠራቀመችው 92 ፓውንድ ነበራት። ሄደ። የቀረው 18 ከሜሪ ቁጠባ ወጣ። ሜሪ በሰው ቤት ታማሚ እያስታመመች ያገኘችው ነው።

ዋስ ፈርሞ የማያውቅ ቤተሰብ አለ? ይህን ክፍል ሳነብ የማስበው ሌላ ሰው ነበረኝ። ስሙን አልጠራም። ትልቁ ነገር ግን ገንዘቡ አይደለም። ፍሬድ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ያዘነው ለራሱ ነው። «ስሜ ጠፋ፣ አፈርኩ» ነው ጭንቀቱ። የሴትየዋን ፊት ሲያይ ነው የሌላ ሰው ጓዳ እንደገባ መጀመሪያ የገባው። ኅዳጉ ላይ በ26 ዓመቴ «ይገባዋል!» ብያለሁ። እሱን ተውኩት። አሁንም ይገባዋል።

አሁን ወደ ሐኪሙ። ሊድጌት 27 ዓመቱ ነው። ኤዲንብራና ፓሪስ ተምሯል። ሌላው ሐኪም ገና ያልለመደውን ስቴቶስኮፕ ይጠቀማል። መድኃኒት በመሸጥ ትርፍ አላገኝም ስላለ የከተማው ሐኪሞች ጥርስ ነከሱበት። የሰው ሰውነት ከምን እንደተሠራ ፈልጎ የማግኘት ሕልም አለው። ጥሩ ሰው ነው። ግን ደራሲዋ አንድ ነገር በጆሯችን ሹክ ትለናለች። ምርምር ላይ የሚያሳየውን ብልህነት ስለ ሴትና ስለ ቤት ዕቃ ሲያስብ አውልቆ ያስቀምጠዋል። ሚስት ለሱ ደክሞ ሲገባ የምትዘፍንለት፣ የምታምር ነገር ናት። ሮዛመንድ ቪንሲ ደግሞ በጣም ታምራለች። ለአምስት ዓመት አላገባም ያለ ሰው፣ አንድ ቀን ቤቷ ጎራ አለ። እጇ ላይ የነበረ ነገር ወደቀ፤ ሊያነሳ ጎንበስ አለ፤ ቀና ሲል ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ታጭቶ ወጣ።

«እባብ!» ያልኩት እሷን ነው። ሁለቴ የተሰመረበት።

ለምን እንዳልኩ ስሙ። ነፍሰ ጡር ሆና ፈረስ አትጋልቢ አላት። ጋለበች። ልጁ ወረደ። አጥፍቻለሁ አላለችም። ዕዳ ሲያንቃቸው ቤቱን ለማከራየት ሲያስማማ፣ ተደብቃ ሄዳ አስቀረችው። ለሀብታም አጎቱ ከጀርባው ደብዳቤ ጽፋ ገንዘብ ለመነች። መልሱ ለሱ መጣ፣ ተዋረደ። አትጮህም፣ አትሳደብም። አንገቷን ቀስ አድርጋ ታዞራለች፣ ከዚያ የፈለገችውን ታደርጋለች። ሊድጌት በመጨረሻ የሀብታሞች ሐኪም ሆኖ ስለ ሪህ አንድ መጽሐፍ ጽፎ በ50 ዓመቱ ሞተ። ሕልሙ ቀረ።

ሁለተኛውን ንባብ ያደረግኩት ከአራት ወዳጆች ጋር ነው። በየአስራ አምስት ቀኑ ቡና ላይ እንገናኝ ነበር። ሮዛመንድ ላይ ስንደርስ ልንጣላ ምንም አልቀረን። ከመሃላችን አንዷ ነርስ ናት። እሷ «ቆይ» አለችን። «ይቺ ልጅ የት ነው የተማረችው?» ገጹን ገለጠችና አሳየችን። ሮዛመንድ የተማረችበት የሴቶች ትምህርት ቤት ከሠረገላ እንዴት እንደሚወጣና እንዴት እንደሚወረድ ሳይቀር ያስተምራል። «ያስተማሯትን ነው የሠራችው» አለች። «እንድታምር ነው ያሳደጓት። አምራ ተገኘች። አሁን ሒሳብ ታውቃለች ብላችሁ ጠበቃችሁ? በዚያን ጊዜ ያገባች ሴት በራሷ ስም ገንዘብ እንኳ የላትም። የቤቱን ዕቃ ሊሸጥባት ሲወስን አማክሯታል? ነግሯታል። እናንተ ወንዶች ሊድጌትን የምትወዱት ራሳችሁን ስለሆነ ነው።»

ዝም አልን። ቡናው ቀዘቀዘ።

መልሴን የሰጠሁት በሚቀጥለው ስብሰባ ነው። አሳማኝ አልነበረም። አሁንም አይደለም። ለሷ ክርክር የሚያግዝ አንድ ነገር እንኳ እኔው ልጨምርላት። ምዕራፍ 81 ላይ ሮዛመንድ አንዴ፣ በሕይወቷ አንዴ፣ ከራሷ ወጥታ ለዶሮቲያ እውነቱን ትነግራታለች። ላዲስሎ የሚወደው አንቺን ነው ትላታለች። ራሷን ዝቅ አድርጋ። ይህ እንግዲህ እባብ የሚያደርገው አይደለም። ግን የፈረሱን ነገር ሳስብ ላጲሱ ከእጄ ይወድቃል።

አሁን የምነግራችሁ ደግሞ ምንም ያልጻፍኩበት ገጽ ነው። የከተማው የባንክ ባለቤት ቡልስትሮድ ይባላል። ጸሎተኛ፣ ሰው ገሣጭ፣ ለሆስፒታል ገንዘብ የሚሰጥ። ሀብቱ ግን የመጣው የተሰረቀ ዕቃ ከሚቀበል የመያዣ ብድር ቤትና ለሌላ ሰው ይገባ ከነበረ ውርስ ነው። ይህን የሚያውቅ ራፍልስ የሚሉት ሰካራም መጥቶ ያስፈራራዋል። ሰካራሙ ይታመማል። ሊድጌት አልኮል እንዳይሰጠው ያዛል። ቡልስትሮድ በዚያች ሌሊት የብራንዲውን ቁልፍ ለአስታማሚዋ ሰጣት። ሰውዬው ሞተ። ገደለው? እጁን አላነሳበትም። ቁልፍ ነው የሰጠው። ይህን ምዕራፍ ማታ አታንብቡት።

ነገሩ ወጣ። ከተማው ሁሉ ያውቃል፣ ሚስቱ ሃሪየት ብቻ አታውቅም። ሴቶቹ ሲያዩዋት ያዝኑላታል፤ ሐዘናቸው ውስጥ ግን ትንሽ ጣፋጭ ነገር አለ፣ ታውቁት የለ። በመጨረሻ ወንድሟ ነገራት። ሃሪየት ቅዱስ አይደለችም። ጌጥ ትወዳለች፣ ሐሜትም ትወዳለች። ክፍሏ ገብታ ቆለፈች። አለቀሰች። ከዚያ ጌጦቿን ሁሉ አወለቀች። ተራ ጥቁር ቀሚስ ለበሰች። ፀጉሯን ወደ ኋላ አስተኝታ ጌጥ የሌለው ቆብ አደረገች። ወደ ባሏ ወረደች። ቀና ብሎ አላያትም። ያነሰ መሰላት። እጇን እጁ ላይ፣ ሌላውን ትከሻው ላይ አድርጋ «ቀና በል፣ ኒኮላስ» አለችው። ሁለቱም አለቀሱ። አድርገኸዋል ወይ ብላ አልጠየቀችም። እሱም አላደረግኩም አላለም።

ሐዘን ሲገባ ልብስ መቀየር ለኛ አዲስ ነገር አይደለም። እናቶቻችን ጥቁር ለብሰው ሲወጡ አንድም ቃል ሳይናገሩ የሚሉትን ሁላችን ሰምተናል። ለዚህ ይመስለኛል ይህን ገጽ ለማንም ስተርክ ማብራሪያ የማያስፈልገኝ።

ደራሲዋ ደግሞ በሰው አፍ መግባትን ከመጽሐፍ አልተማረችውም። ከ1854 ጀምሮ ከጆርጅ ሄንሪ ሉዊስ ጋር ትኖር ነበር። እሱ ሌላ ሚስት ነበረው፣ በሕግ መፋታት አልቻለም። ወንድሟ አይዛክ ይህን ሲያውቅ ከሷ ጋር መጻጻፍ አቆመ። ስንት ዓመት? ከሃያ ዓመት በላይ። በ1880 ሌላ ሰው በሕግ ስታገባ ነው የደስታ መግለጫ የጻፈላት። በዚያው ዓመት ሞተች። የሃሪየትን ምዕራፍ ስትጽፍ ወንድሟ ገና ዝም እንዳላት ነበር።

ላዲስሎን ትንሽ ላማ፣ ከዚያ እጨርሳለሁ። ዶሮቲያ በመጨረሻ ንብረቱን ትታ የምታገባው እሱን ነው። ፀጉሩ ያበራል፣ ይቆጣል፣ ምንጣፍ ላይ ይጋደማል። ሁለቴ አነበብኩ፣ ሁለቴም አልገባኝም። ሲሳሳሙ መብረቅና ነጎድጓድ ሳይቀር ታዞላቸዋል። ይህን የሚያህል መጽሐፍ ጽፋ እዚያ ላይ ደከማት መሰለኝ።

የዶሮቲያ መጨረሻም ብዙ አንባቢ አላረካም። በመጀመሪያው እትም መደምደሚያ ላይ ደራሲዋ ጥፋቱን በከፊል በኅብረተሰቡ ላይ ጥላ ነበር፤ በሽተኛ ሰው በዕድሜ ግማሹን የማታህል ልጅ ሲጠይቅ ሕዝቡ ፈገግ ብሎ ተቀበለ ዓይነት። ሃያሲዎች «ማን ፈገግ አለ?» አሏት። እውነታቸውን ነው። መጽሐፉ ውስጥ ያን ጋብቻ የተቃወመው ሰው ብዙ ነው። ሲሊያ ጠልታዋለች፣ ሰር ጄምስ ነዷል፣ የጎረቤት ሴቶች አላግጠዋል። በ1874 በአንድ ቅጽ ስትታተም ያን ዓረፍተ ነገር አወጣችው። እሷም ላጲስ ነበራት ማለት ነው።

የኔ ሒሳብ እንግዲህ ይህ ነው። «ሞኝ!» ጠፍቷል። ከካሶቦን ስድቦች ስድስቱ ጠፍተዋል፣ አንዱ ተደግሟል። «ይገባዋል!» አለ። «እባብ!» የሚለው ሥር አንዱን መስመር አጥፍቻለሁ። አንዱ ቀርቷል።

የነገርኳችሁ ነርስ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣለች። ሮዛመንድ ካልኩበት ደቂቃ ጀምሮ እጇን አውጥታ አላወረደችም። እባካችሁ ማይኩን ለሷ አቀብሏት።